የቁራው ምንቃር
ዛሬ ስድስት ኪሎ ዛፍ ላይ ያነሳሁትን ቁራ ፎቶ እያጎላሁ ስመለከት አመሸሁ። የላይኛው ምንቃሩ ከታችኛው አልፎ ወደ ጎን ተቆልምሟል።

የእኛው ቁራ፣ ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ በተፈጥሮውም ምንቃሩ ወፍራምና ጎባጣ፣ ጫፉም ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ ውፍረቱ ብቻ የችግር ምልክት አይደለም፤ የችግር ምልክቱ ያለልክ መርዘም ወይም የላይኛውና የታችኛው አለመግጠም ነው። አንድ ፎቶም አይበቃም። ጥላ፣ የአንገቱ አዟዟር፣ የያዘው የሥጋ ቁራጭ እንኳን ምንቃርን አጣሞ ያሳያል። ይህኛው ግን ከተለያየ ጎን ባነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ያው ነው።

የምንቃር ሽፋን ኬራቲን፣ ማለትም ጥፍርም የሚሠራበት ጠንካራ ነገር ነው፤ እንደ ጥፍር ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ በመብላትና በመታሸት ይሞረዳል። አላስካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቺካዲ በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ላይ ያለልክ ያደገ ምንቃር በብዛት ታይቶ፣ በኋላ ፖሲቫይረስ ከተባለ ቫይረስ ጋር ተያይዟል። ጉዳትም ምንቃርን ያጣምማል፤ መንስኤውን ከፎቶ ብቻ መለየት አይቻልም።

እኔን ያሳዘነኝ ላባው ነው። ወፍ ላባውን የሚያበጥረው በምንቃሩ ነው፤ የዚህ ቁራ ደረት ተንጨባሮ ቆሽሿል። በዚያ አካባቢ ያያችሁት ካላችሁ፣ ፎቶውን ሳታሳምሩ ከነቀኑና ከነቦታው ላኩልኝ።