ከሳች ብዬ ያጠጣኋት ተክል

ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ስካውት ነበርኩ። ስካውት ማለት ሌንስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በየግሪን ሐውሱ ተባይ የሚቆጥር ነው። ቢጫ የሙጫ ካርዶች ላይ የተለጠፈውን ትሪፕስና ነጭ ዝንብ ቆጥሬ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ።

አግሮኖሚስታችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ አንድ ቀን ስኒ በምታህል ማሰሮ ተክል ይዘው መጡ። ድሮሴራ ትባላለች፤ ዝርያዋ የደቡብ አፍሪካ ነው። "ይቺ ደግሞ ሥር ያላት ካርድ ናት" አሉኝ።

በሌንስ አየኋት። ቅጠሏን ቀይ ፀጉር ሸፍኖታል፤ የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ላይ ጤዛ የመሰለ ጠብታ አለ። አንዲት ትንኝ አረፈችበት። እግሯን ልታነሳ ስትል ጠብታው እንደ ማር ተሳበ፤ በተፍጨረጨረች ቁጥር ሌላ ፀጉር ይነካታል። ብዙም ሳይቆይ የዳሮቹ ፀጉሮች ወደሷ አጎነበሱ። ከሰዓት ስመለስ ቅጠሉ ራሱ ታጥፎባታል። ከዚያ ቅጠሉ በሚያመነጨው ፈሳሽ አሟሙቶ ይመጥጣታል፤ የሚተርፈው ባዶ ቅርፊት ነው። ካርዱስ የያዘውን እንኳ አይበላም!

ጋሼ ለሥራ ራቅ ብለው ሲሄዱ አንድ ጀሪካን የዝናብ ውሃ ትተው "ከዚህ ሌላ እንዳትሰጣት" አሉኝ። ጀሪካኑ አለቀ። ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ እንጂ ዝናብ የለም። ተክሏም ከስታ ታየችኝ፤ ከጽጌረዳው የድሪፕ (የጠብታ መስኖ) መስመር ቀድቼ አጠጣኋት። ማዳበሪያ ስላለበት እንዲያውም ትፋፋለች ብዬ።

በአሥር ቀን ውስጥ ጠብታዎቿ ደረቁ፤ የቅጠሎቿ ጫፍ ጠቆረ።

ጋሼ መጥተው "ምን አጠጣሃት?" አሉ።

"የተዉልኝን ውሃ።"

ምንም አልመለሱም። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው የሚለካውን ኢሲ ሜትራቸውን አውጥተው ከማሰሮዋ ሥር ያለው ሳህን ውስጥ ነከሩት። 1.8 አለ። የዝናብ ውሃ ዜሮ አካባቢ ነው የሚያነበው። ይቺ ተክል የምትበቅለው ንጥረ ነገር በሌለው ረግረግ ላይ ነው፤ ነፍሳት የምታጠምደውም ናይትሮጅን ከአፈሩ ስለማታገኝ ነው። የማዳበሪያው ጨው ሥሯን ይፈጀዋል። ይህን ሁሉ ሳይቆጡ አስረዱኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"በል መዝገብህን አምጣ" አሉ ቀጥለው። ሌንሴን ተቀብለው የሳምንቱን ካርዶች አንድ በአንድ ራሳቸው ቆጠሩ። ቁጥሬ ልክ ነበር። እንደዚያም ሆኖ እስከ ጥር ድረስ ከኋላዬ መቁጠራቸውን አልተዉም።