ጌጁ 24 ላይ ቆሞ ቀረ

ላንድክሩዘሬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1990 ስሪት ናት። ኤሲዋ ከሞተ ቆይቷል። ኮምቦልቻ ላይ ችግር የለውም። ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ለወረደ ሰው ግን መስኮት መክፈትም አያዋጣም፣ ነፋሱ ራሱ ይጠብሳል።

አምና አንድ ጋራዥ አስገባኋት። «ጋዝ አልቋል» አሉና ሞሉልኝ። ሁለት ሳምንት በረዶ ሆነች። ከዚያ ጋዙን እየገፋ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረ።

ቢቸግረኝ አንድ ሽማግሌ የፍሪጅ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። ሰፈሩ ሀጂ ይላቸዋል። ኮፈኑን ከፍተው አዩና፣ «ይቺ የተሠራችው አር 12 ለሚባል ጋዝ ነው። የሞሉልህ አር 134ኤ ነው» አሉኝ።

«ጋዝ ያው ጋዝ አይደለም እንዴ?» ስላቸው ሳቁብኝ።

አር 12 ኦዞንን ስለሚበላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ቀስ በቀስ ከገበያ አስወጥቶታል። ምትኩ 134ኤ ኦዞን አይነካም። ጣጣው ግን ዘይቱ ጋ ነው። የድሮው ኤሲ የሚሠራበት የማዕድን ዘይት ከ12 ጋር ተዋህዶ ይዞራል። ከ134ኤ ጋር አይዋሃድም። ጋዙ ዞሮ ሲመለስ ዘይቱ ሙቀት የሚያወጣው ኮንደንሰርና ቱቦ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩም በደረቁ ይፋጫል። ደግነቱ የኔው ገና አልተበላም ነበር።

ሀጂ ኮምፕሬሰሩን ፈተው፣ ገልብጠው አንጠፈጠፉት። ቱቦውን አጠቡ። ኤስተር የሚባል ዘይት አደረጉበት። ፓግ የሚባልም አለ፤ ከ12 የተረፈ ክሎሪን ስለሚያበላሸው አሮጌ መኪና ላይ አያምኑትም። ኦሪንግ የሚባለው የመጋጠሚያ ጎማ ተቀየረ። እርጥበት የሚመጠው ድራየር ተቀየረ። የሚጠመዘዘው የድሮ የጋዝ አፍ ላይ አዳፕተር ገባ።

ቀጥሎ ቫኪዩም፣ ውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ መምጠጥ። ፓምፑ ቢሠራ ቢሠራ ጌጁ 24 ኢንች ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያየሁት 29 ነው።

«ሀጂ፣ አንቱ፣ ይሄ ነገር ሳያፈስ አይቀርም» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ። 29 የባሕር ጠረፍ አገር ቁጥር ነው። እኛ ከ1,800 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። ደሴ ብንወጣ 22 አካባቢ ነው የሚቆመው።»

ይሄን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ የከፈልኩት ሁሉ አልቆጨኝም። ፓምፑን 45 ደቂቃ አሠሩት። ቫልቩን ዘግተው ቡና ጠጣን። ተመልሰን ስናይ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ኮፈኑ ስር ያለው ጽሑፍ 900 ግራም አር 12 ይላል። 134ኤ ሲሆን ከዚያ ከ80 እስከ 85 በመቶ ነው የሚሞላው። 740 ግራም በሚዛን አስገቡ። የጋዙ መስመር ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አረፋ እያዩ መሙላት ለ12 እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ሰኞ ባቲ ገበያ ወረድኩ። መንገድ ላይ ግሩም ነው። ገበያው መሃል ከግመል ኋላ ስንፏቀቅ ግን ቅዝቃዜው ላላ። ኮንደንሰሩ የድሮው ስለሆነ ቆሞ ሲሠራ ሙቀቱን አውጥቶ አይጨርስም። ሀጂ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ፋን እንጨምርበት ብለውኛል። ፋን እያፈላለግሁ ነው።