ኤርመንጋርድ የገዛ ራሷ አያት የሆነችበት ወር

ነገሩ የጀመረው ለአክስቴ ልጅ ሽማግሌ የተላከ ሰሞን ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አያቴ ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ስትቆጥር እያየሁ፣ ድሮ ያነበብኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 7ኛ እና የአኪቴይኗ ኤሌኖር ወደ 15 ዓመት ገደማ በትዳር ከኖሩ በኋላ፣ በመጋቢት 1152 ቦዣንሲ ላይ ጳጳሳት ተሰብስበው «ዘመዳሞች ናችሁ» ብለው ጋብቻቸውን አፈረሱት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ያኔ የእነሱም ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው እስከ ሰባት ቤት ነበር። ወደ አራት ያወረደችው በ1215 በላተራን ጉባኤ ነው። መኳንንቱ እርስ በርስ ተጋብተው ተጋብተው፣ በሰባት ቤት ከተቆጠረ የሚያገቡት ሰው አልነበራቸውም።

«ቆይ፣ እስቲ እኔ ልቁጠረው» አልኩ። ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል ብዬ ነበር። አምስት ወር ፈጀ። ከአምስቱ አንዱን ወር የበላው በገዛ እጄ ያመጣሁት ጣጣ ነው። ይህን የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

የሉዊ ወገን በአንድ ስኒ ቡና አለቀ። አባቱ ሉዊ 6ኛ፣ አያቱ ፊሊፕ ቀዳማዊ፣ ቅድመ አያቱ ሄንሪ ቀዳማዊ፣ ከዚያ በላይ በ1031 የሞተው ሮበርት 2ኛ። ከሮበርት ልጅ ጀምሮ ወደ ታች ሲቆጠር ሉዊ አራተኛው ነው። ነገሥታት ስለሆኑ የትም ብትሄዱ ተጽፈዋል።

የኤሌኖር ወገን ላይ ስደርስ ጊዮሞች ጠበቁኝ። እንግሊዞቹ ዊልያም የሚሉት ስም ነው። አባቷ ጊዮም፣ አያቷ ጊዮም፣ ቅድመ አያቷም ጊዮም። «የእኛ አጠራር ይሻላል፣ ስምን ከነአባቱና ከነአያቱ እጽፋለሁ» ብዬ ጀመርኩና ደብተሬ ላይ «ጊዮም ጊዮም ጊዮም» የሚል ነገር ወጣ። ስለዚህ እንደ ሁሉም ሰው ወደ ቁጥር ዞርኩ። ስህተት ነበር። እነዚህ ሰዎች የአኪቴይን መስፍንም የፑዋቱ ቆንስልም (የአውራጃ ገዥ ማለት ነው) ነበሩ፤ ለሁለቱ ሹመቶች የተሰጣቸው ቁጥር ደግሞ ይለያያል። በ1086 የሞተው ቅድመ አያቷ የአኪቴይን 8ኛ ጊዮም ነው። በ1137 የሞተው አባቷ የአኪቴይን 10ኛ፣ የፑዋቱ ግን 8ኛ ጊዮም ነው። «8ኛ ጊዮም» ብላችሁ ከጻፋችሁ የትኛው ነው? እኔ አንድ አድርጌያቸው ሁለት ትውልድ ጠፋብኝ። ኤሌኖር የቅድመ አያቷ ልጅ ሆና አረፈች።

እሱስ በሦስት ቀን ተስተካከለ። ያዳነኝ ቅድመ አያቷ ሲወለድ ጊዮም አለመባሉ ነው። የልጅነት ስሙ ጊ ጆፍሯ ነበር፤ በ1058 ወንድሙን ሲተካ ነው ጊዮም የተባለው። ካሣ ቴዎድሮስ እንደተባለው ማለት ነው። ስመ መንግሥትን ከልጅነት ስም መለየት ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። አሁን ቁጥር የምጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው። በእስክሪብቶ የምጽፈው የልጅነት ስሙን፣ እናቱንና የሞተበትን ዓመት ነው። የተወለደበትን ቀን አትፈልጉ። ለአብዛኞቹ የጻፈው የለም። የሞቱበት ቀን ግን ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ገዳማት በየዓመቱ በዕለቱ ስለሚጸልዩላቸው በመዝገብ ይይዙታል። ተዝካር ላወቀ ሰው ምክንያቱን መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ።

ዛፉን የምሠራው ብዙ ሰው በጋራ የሚጽፍበት አንድ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ነበር። ስሙን ተዉት። የድረ ገጹ መመሪያ የመጀመሪያው መስመር «ከሁሉ በፊት ተመሳሳይ ሰዎችን አዋህድ» ይላል። አንድ ማታ፣ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ማሳያው ላይ ብቅ አለ፤ «የአንጁ ኤርመንጋርድ ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች፤ ይዋሃዱ?» እንቅልፍ ይዞኛል። ሁለቱም ኤርመንጋርድ ናቸው። ሁለቱም የአንጁ (የፈረንሳይ አውራጃ) ናቸው። የሁለቱም አባት ፉልክ ይባላል። «አዎ» አልኩ።

ጠዋት ስነሳ ዛፉ አብዷል። የመጀመሪያዋ ኤርመንጋርድ፣ የኤሌኖር ዘር የሚቆጠርባት፣ በ1040 የሞተው የፉልክ 3ኛ ልጅ ናት፤ ፉልክ 4ኛን ወለደች። ሁለተኛዋ የዚያው የፉልክ 4ኛ ልጅ ናት፤ የብሪታኒውን መስፍን ያገባችው። አያትና የልጅ ልጅ! እኔ አንድ ሰው አድርጌያቸዋለሁ። ስለዚህ ሴትየዋ የገዛ ራሷ አያት ሆናለች። ፉልክ 4ኛም የገዛ እናቱ አባት ሆኗል። ዝምድና አስላ ስለው ኮምፒውተሩ ዞሮ ዞሮ ቀጥ አለ። እንዴት አይቆም!

«መልስ» የሚል ቁልፍ ፈለግሁ። የለም። ማዋሃድ የማንም ነው፤ መለየት ግን የአስተዳዳሪው ብቻ ነው። ጻፍኩለት። ከአሥር ቀን በኋላ «ምንጭ አቅርብ» አለኝ። ለማዋሃዱ ማንም ምንጭ አልጠየቀኝም እኮ! ደግሞ ቅጽ ላከልኝ። ቅጹ የልደት ቀን ካልተሞላ አይሄድም፤ «ገደማ» የሚል ቃልም አይቀበልም። በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ለተወለደች ሴት ቀን፣ ወርና ዓመት! የዛን ቀን ነው በየዛፉ ላይ የምናያቸው ጥርት ያሉ የልደት ቀኖች ከየት እንደሚመጡ የገባኝ። ሰው ቅጹ አልሄድ ሲለው ይፈጥራል።

ምንጭ ግን ነበረኝ፤ ያውም ከልጇ አፍ። ፉልክ 4ኛ በ1096 የአውራጃውን ታሪክ በራሱ ስም ጽፏል። መጀመሪያው ላይ የጆፍሯ ልጅ መሆኑን፣ እናቱ ኤርመንጋርድ የቆንስሉ ፉልክ ልጅ መሆኗን፣ እሱም የጆፍሯ ማርቴል «ኔፖስ» መሆኑን ይናገራል። ስለ መጀመሪያዎቹ ቆንስሎች በደንብ መጻፍ እንደማይችልም ያምናል፤ የተቀበሩበት እንኳ አይታወቅም ይላል። እንዲህ ያለ ሰው አምናለሁ። ላክሁት።

አስተዳዳሪው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኔፖስ የልጅ ልጅ ማለት ነው፤ ስለዚህ መሀል ላይ የጎደለ ትውልድ አለ፤ ገጹ እስኪጣራ ይቆለፍ።» ኔፖስ በላቲን የልጅ ልጅም ነው፤ የወንድም ወይም የእህት ልጅም ነው። ማርቴል የኤርመንጋርድ ወንድም ነው፤ አጎቱ ማለት ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተቆጥቼ ነበር፤ ያ ሳይጎዳኝ አልቀረም። ገጹ ተቆለፈ። የሠራሁት ሁሉ ከእሷ በታች ስለነበር አብሮ ተቆለፈ። ወደ ሁለት መቶ ስም።

ከሰውየው ይልቅ ያናደደኝ ራሴ ነኝ። ቅጂ አልያዝኩም። እንዲያውም «ድረ ገጹ ላይ እያለ ምን ይሆናል» ያልኩት እኔ ነኝ። ምክሬ ከመመሪያው ተቃራኒ ነው፤ አታዋህዱ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ማንም አይሞትም። ሁለት ሰው አንድ ከሆነ ግን ጉድ ፈላ። ዛፉም በገዛ ኮምፒውተራችሁ፣ ከዚያ በፊትም በወረቀት ይሁን።

ከባዶ በወረቀት ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ የግድግዳ ካሌንደር ጀርባ ላይ። ኤሌኖር፣ ጊዮም፣ ጊዮም፣ ከዚያ የጊ ጆፍሯ ሚስት ሂልደጋርድ፣ አባቷ የቡርጎኝ መስፍን ሮበርት፣ አባቱ ንጉሥ ሮበርት 2ኛ። ኤሌኖር አምስተኛ፣ ሉዊ አራተኛ። ጳጳሳቱ አልዋሹም፤ ዘመዳሞች ናቸው። ግን ይህ ለማንም አዲስ ወሬ አልነበረም። በ1149 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩጂን 3ኛ ስለ ዝምድናቸው ማንም እንዳያነሳ ከልክሎ፣ አልጋ አስነጥፎ አብረው አስተኝቷቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት ሁለተኛ ሴት ልጅ ተወለደች። የፈለጉት ወንድ ወራሽ ነበር።

የሚያስቀው ከዚህ በኋላ ነው። ጋብቻው ከፈረሰ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ኤሌኖር ፑዋትዬ ላይ የአንጁውን ሄንሪ አገባች። በ1154 የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን። የሄንሪን ወገን ስቆጥር ማን ላይ ደረስኩ? ኤርመንጋርድ ላይ። ከመጀመሪያ ባሏ ፉልክ 4ኛን ወለደች፤ ከእሱ ፉልክ 5ኛ፣ ጆፍሯ፣ ሄንሪ። ከሁለተኛ ባሏ፣ ከቡርጎኙ ሮበርት፣ ሂልደጋርድን ወለደች፤ ከእሷ ጊዮም፣ ጊዮም፣ ኤሌኖር። አራት በአራት! ከተፋታችው ባሏ በአንድ ቤት ይቀርባታል።

ካሌንደሩን ለአያቴ አሳየኋት። ስሞቹን ማንበብ አልቻለችም፤ ጣቴን እየተከተለች ቆጠረች።

«እነዚህ ሁለቱ የእናት ልጆች ናቸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄኛው ይብሳል እንጂ!» ብላ ወደ ጀበናዋ ዞረች።

ትናንት ማታ ድረ ገጹን ከፍቼ አየሁ። ገጹ እንደተቆለፈ ነው። ኤርመንጋርድ አሁንም የገዛ ልጇ ልጅ ናት።