በሰንሰለት የታሰሩ መጻሕፍት

ዛሬ ዙትፈን ዋልኩ። ኔዘርላንድ ውስጥ፣ አይሰል ወንዝ ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ገበያውንና ካፌውን ተዉት፣ የትም ያለ ነው።

እኔን ያስገረመኝ በዋልቡርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያለው ቤተ መጻሕፍት ነው። ተሠርቶ ያለቀው በፈረንጆቹ 1564 ነው። መጻሕፍቱ ዛሬም ከማንበቢያው አትሮንስ ጋር በሰንሰለት እንደታሰሩ ናቸው። ከፍተህ ማንበብ ትችል ነበር፣ ይዞ መሄድ ግን አልነበረም! ያኔ መጽሐፍ ውድ ነበራ። አውሶ ለማይመልስ ጓደኛ እንዲህ ያለ ሰንሰለት ቢኖረኝ አልጠላም።

ወለሉ ሸክላ ላይ ደግሞ የእግር ዱካ አለ። አንድ መነኩሴ በጾም ዶሮ ሲበላ ሰይጣን መጥቶበት ነው ይላል አፈ ታሪኩ። ጠጋ ብዬ አየሁት። አራት ጣት፣ መሃሉ ላይ መዳፍ፤ የለየለት ውሻ ነው። ሸክላው ሳይደርቅ ረግጦት ሄዷል። ደግሞ መነኩሴው ጾም የሻረው ለአልጫ እንኳ ላልደረሰ ዶሮ መሆኑ! የእኛ ዶሮ ወጥ ቢሆን እንኳ ይገባኝ ነበር።

ስወጣ የድሮገናፕ ግንብን አየሁ። በ1440ዎቹ የከተማ በር ሆኖ የተሠራ ነው፤ ኋላ ላይ የውሃ ማማም ሆኗል። ፎቶዎቹን ኮመንት ላይ አደርጋለሁ።