ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋብን ቴሌቪዥን

ሐምሌ ሲጋመስ እናቴ ቴሌቪዥን መክፈት ተወች። ደመናው በከበደ ቁጥር ምስሉ ይሰባበራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ዝናቡ ሲጠነክር ደግሞ ጭራሽ «ሲግናል የለም» ይላል። «ክረምት አይደል፣ ይለፍ» ብላ ልትታገሠው ነበር። እኔ ግን በዚያው ዝናብ የጎረቤቶቻችን ዲሽ ሲሠራ እያየሁ በክረምቱ ማመካኘት አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ሳህናችን ከግድግዳ ጋር በታሰረ የብረት ቱቦ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ የተተከለው ናይልሳት ለተባለው ሳተላይት ነበር፤ የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ አንድ ባለሙያ መጥቶ አዞረልን። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲታይ በምዕራብ በኩል ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት፣ ኤንኤስኤስ 12፣ ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ባከነ። ቡሎኖቹን ሁሉ አንድ ላይ አላላሁና የነበረችውንም ሲግናል አጣኋት። ስልኬን ሳህኑ አጠገብ ይዤ ኮምፓስ ሳነብ ብረቱ አቅጣጫውን አሳሳተኝ፤ ጥቂት እርምጃ ስርቅ ነው ትክክለኛውን ያሳየኝ። ከሁሉ የባሰው ግን ሪሲቨሩ ስክሪኑ ላይ ከሚያሳያቸው ሁለት መስመሮች፣ ከስትሬንግዝ (የሲግናል ኃይል) እና ከኳሊቲ (የሲግናል ጥራት)፣ የተሳሳተውን ማየታችን ነበር። እህቴ በመስኮት በኩል «90 ገባ!» ስትለኝ ደስ ብሎኝ አጥብቄ ወረድኩ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የነገረችኝ ስትሬንግዙን ነበር። እሱ ሳህኑ ባዶ ሰማይ እያየም ከፍ ሊል ይችላል፤ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከሳህኑ ፊት ያለው ሞገድ ተቀባይ፣ ኃይል እስካገኘ ድረስ የሚያጎላውን ጫጫታም ይቆጥራልና። መታየት ያለበት ኳሊቲ ነው፤ የመጣው ሞገድ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚነበብ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከሳህኑ በፊት ቱቦውን መረመርኩ። ውሃ ልክ ሳስጠጋው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ተገኘ። ቱቦው ቀጥ ካላለ ማቀፊያው ላይ ያለው የዲግሪ ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው፤ ሳህኑን ግራና ቀኝ ባዞሩት ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይቀየራል። እሱን አቃናሁ። ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ኤች (ሆሪዞንታል፣ ማለትም አግድም ሞገድ)፣ ሲምቦል ሬት 45000 መርጠን የኤልኤንቢው ፍሪኩዌንሲ 9750/10600 መሆኑን አረጋገጥን። ከዚያ ከፍታውን አስሬ፣ ሳህኑን ወደ ጎን ብቻ በጣት ውፍረት እየገፋሁ በእያንዳንዱ ግፊት አምስት ሰከንድ ያህል ጠበቅሁ። ሪሲቨሩ ቁጥሩን የሚያሳየው ዘግይቶ ስለሆነ የሚቸኩል ሰው ትክክለኛዋን ቦታ አልፏት ይሄዳል። ኳሊቲ 48 ላይ ብቅ አለ። ጎኑን አጥብቄ ከፍታውን በተመሳሳይ መንገድ ስነካካ 61 ደረሰ። ከዚያ በላይ አልሄድ አለ።

የቀረው ኤልኤንቢው ነበር። ባለሙያው ሳህኑን ሲያዞር እሱን በነበረበት እንደተወው የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ ሳተላይቱም ከደቡብ ወደ ምሥራቅ ርቆ ስለቆመ፣ ሞገዱ የሚደርሰን በጣም ተንጋዶ ነው፤ 60 ዲግሪ ያልፋል። ኤልኤንቢው አብሮት ካልተንጋደደ የቨርቲካሉ (የቁሙ) ሞገድ ከሆሪዞንታሉ ጋር ይደባለቅበታል። ማሰሪያውን አላልቼ በጥቂት በጥቂቱ ሳዞረው እህቴ «65… 70… 76… ቀነሰ ቀነሰ፣ መልሰው!» አለችኝ። 76 ላይ ታሰረ። በበጋ 50ም 76ም ያው ጥርት ያለ ምስል ነው የሚሰጡት፤ ዝናብ ሲግናሉን ሲያዳክመው ግን የመጀመሪያው ወዲያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው የሚቀነስለት አለው።

ኮኔክተሩንም ፈታሁት፤ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጬ አዲስ አሰርኩና አፉን በፕላስተር ጠቀለልኩት። ይህን ስትሠሩ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ኬብሉ ውስጥ እስከ 18 ቮልት ይሄዳል፣ ሽቦው ከተነካካ ሪሲቨሩን ሊያበላሽ ይችላል። እርጥብ ቆርቆሮ ላይም አትውጡ፤ እኔ ሁለተኛውን ቅዳሜ ግማሽ ቀን የጠበቅሁት ጣሪያው እስኪደርቅ ነው።

የነሐሴን ዝናብ እናቴ ቴሌቪዥኗን እያየች አሳለፈችው። በመስቀል ሰሞን ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ምስሉ ድንገት ተሰባበረ። እህቴ መፍቻውን ይዛ መጣች። ወጥቼ ሳይ ፀሐይ ሳህኑ በሚያይበት አቅጣጫ ልክ ቆማለች። በዚያ ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ የእሷ ጨረር ለጥቂት ደቂቃ ሲግናሉን ይውጠዋል። በዚያች ሰዓት ሳህኑ ላይ የዛፍ ጥላ ቢያርፍ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ስለሆነ የጎረቤታችንን ጽድ አየሁ፤ ጥላው አልደረሰብንም። ምስሉ ራሱ ተመለሰ፣ እህቴም ምንም ሳትነካ መፍቻውን ወደ ሣጥኑ መለሰች።