በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት እሰጣለሁ ብዬ የተሳልኩት ኅዳር 20 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ጣርማ በር ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ፍሬኑ እምቢ ያለ መኪና እየነዳሁ። የተሳልኩት ሁለት ነገር ነበር፤ ጃንጥላና ምስክርነት። ጃንጥላውን በአራተኛው ቀን አስገብቻለሁ። ምስክርነቱ ግን እስከ ዛሬ ቆየ። ለምን እንደቆየ ስደርስበት እናገራለሁ።

ከአባዬ ልጀምር። አባዬ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ተሳቢ እየጎተተ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በኮምቦልቻ አድርጎ አሰብ ይወርዳል፤ ጭኖ ይመለሳል። ያኔ የአገሩ ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ነበር። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋ፤ ሥራው ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባዬም ተሳቢውን ትቶ ሚኒባስ ገዛ። እኔን መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው። ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ምክር ሊሰጥ ሲል መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ አንድ ነገር ይናገራል። አበቃ፤ አይደግመውም።

በ2009 መጨረሻ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ አንደበቱም ተያዘ። ስምንት ወር አልጋ ላይ ሲተኛ አንዲት ቃል አልወጣውም። አጠገቡ ተንበርክኬ ስጸልይ ይዳንልኝ እንኳ አላልኩም ነበር። "አንድ ጊዜ ብቻ ያናግረኝ፤ ስሜን ይጥራኝ" ነበር የምለው። ሌሊት ሌሊት ይህችኑ እደጋግማለሁ። ሳይናገር አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ መጸለይ ተውኩ። እማዬን ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ፤ እኔ ግን ቅጥሩ ውጪ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆኜ ቆየሁ። የእግዚአብሔርን ስም ማንም ሲያነሳብኝ ይከፋኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

ሚኒባሷን መሸጥ አልሆነልኝም። ገዢ ይመጣል፤ ቁልፉን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ፈረንጆች አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪና ይዘው፣ እዚያው እያበሰሉ፣ እዚያው እያደሩ አገር ሲያካልሉ አይቼ አውቃለሁ። እኔስ? አልኩ። ወንበሮቹን አስነቀልኩ። አናጢ ሥሩ መሳቢያ ያለው አልጋ ሠራልኝ። ስፖንጅ፣ መጋረጃ፣ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር፣ መቶ ሊትር ውሃ የሚይዝ በርሜል፣ ለመብራት የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ገባ። ጋራዥ አስፈተሽኳት፤ "ምንም የላትም፣ ሂጂ" አሉኝ። ዕቅዴ በወሎ አድርጌ ላሊበላ፣ ከዚያ ጎንደርና ባሕር ዳር፣ ከዚያ በዓባይ በረሃ ወደ ቤቴ ነበር። ብቻዬን። ሰው እንዲያወራኝ አልፈልግም ነበር።

እማዬ አለቀሰች። "ሴት ልጅ ብቻዋን ሜዳ ላይ ታድራለች እንዴ? ምን ሆነሻል?" አለችኝ። እምቢ እንዳልኩ ስታይ የጻድቃኔ ማርያምን ጸበል በዘይት ጀሪካን ሞልታ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አስቀመጠች። "በሰላ ድንጋይ መታጠፊያ በኩል ነው የምታልፊው፤ እመቤቴን ሳትሳለሚ እንዳታልፊ። አደራ!" አለች። እሺ አልኳት። ልቤ ውስጥ ግን እሺ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን አደርኩ። አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ለጥበቃው ጉርሻ ሰጥቼ ቆምኩ። የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማው ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው። ሌሊቱን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አደረ። ጠዋት የመስታወቱን በረዶ በማንኪያ ፋቅኩ። ቀኑን አንኮበር ወጥቼ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ኮረብታ አየሁና ተመለስኩ። ያን ውርጭ ድጋሚ ለማደር አቅም አልነበረኝም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ወርጄ ሞቅ ባለ ቦታ ልደር አልኩ። ይህን ስወስን ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አባዬ ቢኖር በዚያ ሰዓት ከደብረ ብርሃን አያስወጣኝም ነበር።

ከጣርማ በር ዋሻ ሳይደረስ ወደ ግራ የሚታጠፈው የመንዝ መንገድ ነው። ጻድቃኔም የሚኬደው በዚያ ነው። የእማዬ አደራ ትዝ አለኝ። ፍጥነቴን እንኳ ሳልቀንስ አለፍኩት።

ዋሻውን ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቦረቦረው ነው፤ ሰዉ ዛሬም ሙሶሎኒ ይለዋል። ስገባ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በወዲያ በኩል ስወጣ ግን ነጭ ግድግዳ ጠበቀኝ። ጉም። የመኪናዬ መብራት ሁለት እርምጃ ያህል ሄዶ ይጠፋል። ከዚያ ላይ እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው የሚወረደው፤ መንገዱ እንደ እባብ ይጠመዘዛል፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል። እኔ በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ ጥዬ እወርዳለሁ። አልጋው፣ ውሃው፣ ባትሪው፣ ሁሉም ከኋላ ይገፋኛል።

መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የሌላ መኪና መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። ደግሜ ረገጥኩት፤ እስከ ወለሉ ገባ። መኪናዋ ግን አልያዘችም። እንዲያውም ፈጠነች።

የዚያን ጊዜ ያልኩት ቃል በቃል ይህ ነው። "ጻድቃኔ ማርያም! የአባቴን መኪና መቃብሬ አታድርጊው! ጃንጥላ አገባለሁ፣ ለሰው እናገራለሁ፣ አውጪኝ!" ጮኼ ነው ያልኩት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልተከፈተ አፍ ነበር።

ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው። ከቀኝ በኩል፣ ከባዶው ወንበር። ስሜን ጠራኝ። አባዬ ብቻ የሚጠራኝ የቤት ስም አለኝ፤ እሱን ነው የጠራኝ። እዚህ አልጽፈውም። ቀጥሎ "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ" አለ።

ይህ የድሮ ሹፌሮች ሕግ ነው። አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ከሆነ የምትወጣው፣ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ነው የምትወርደው፤ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ይሁን እንጂ ፍሬኑ አይሁን ነው ነገሩ። አባዬ እንጦጦ ላይ ሲያስተምረኝ ነግሮኛል። እኔ ግን ከተማ ውስጥ ስነዳ ኖሬ ረስቼው ነበር። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ወደ ሁለተኛ መለስኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ በጆሮዋ እንደተያዘች ፍየል ተንገጫገጨች። ግን ቀነሰች። የእጅ ፍሬኑን ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ። ከጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ብቅ አለ፤ ሽቅብ የሚመጣ አይሱዙ ነው። ጡሩንባው ጆሮዬን በጠሰው። መሪውን ወደ ተራራው በኩል አዞርኩ። አንደኛ አስገባሁ። የፊት ጎማው ቦዩ ዳር የተከመረ ጠጠር ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። የጸበሉ ጀሪካን ተንከባሎ እግሬ ሥር መጥቶ ነበር። አልፈሰሰም።

የአይሱዙው ሹፌር ወርዶ እየሮጠ መጣ። ረዳቱ ወዲያው ለጎማዬ ድንጋይ ታኮ አደረገ፤ ቅጠል ቆርጦም ከላይም ከታችም አስፋልቱ ላይ አነጠፈ፤ ሌላ መኪና እንዳይመጣብኝ። ሹፌሩ "እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ?" አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ። ባዶውን ወንበር አየሁት። አባቴ የአሰብ ሹፌር እንደነበረ ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ። "ነፍሱን ይማር። እነሱ ይህን ቁልቁለት ያውቁት ነበር" አለ። እዚያ አድሬ መኪናዬን እንድጠብቅ አልፈቀደልኝም። ከመንገዱ በላይ ካለች አንዲት ጎጆ ወስዶ ለባለቤቷ አስረከበኝ። ገንዘብ ልሰጠው ብል ተቆጣኝ።

ባለቤቷ አንዲት እናት ናቸው። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ሳይሉኝ ውሃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። "ኧረ ተዉ እማማ" ብዬ ብለምን "እንግዳ ነሽ፤ ዝም በይ ልጄ" አሉኝ። የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ጾመ ነቢያት ገብቶ እንደነበር እንኳ ልብ አላልኩም። ስንተኛ "ነገ እኮ ጽዮን ማርያም ናት። ለዓመት በዓሏ ነው ያወጣችሽ" አሉኝ። ኅዳር 21 መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ባናቸውን ለእኔ አልብሰው እሳቸው በጋቢ አደሩ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀሰቀሱኝ። በጉሙ ውስጥ በእጃቸው እየመሩኝ ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅጥሩ በር ላይ እንደ ልማዴ ቆምኩ። እጄን አልለቀቁኝም። ገባሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ዝም ብዬ አለቀስኩ። ያ ነበር ጸሎቴ።

መካኒኩ ሰኞ ከደብረ ሲና መጣ። ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። የፍሬን ዘይቱ ለዓመታት አልተቀየረም ነበር። ዘይቱ ሲያረጅ እርጥበት ይስባል፤ ፍሬኑ አብዝቶ ሲረገጥ ግሎ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። ፔዳሉ ቢረገጥ የሚገፋው አረፋውን ነው። ሲበርድ ይመለሳል። እውነትም ፔዳሉ ጠንክሮ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲያ ተአምር አይደለም ማለት ነው" ይለኛል። መካኒኩ ያስረዳኝ ፍሬኑ ለምን እንደከዳኝ ነው። ማን እንደጠራኝ ግን እሱም አልነገረኝም፤ አልጠየቅኩትምም። በነገራችን ላይ፣ ረጅም መንገድ የምትወጡ ሁሉ የፍሬን ሸራውን ብቻ ሳይሆን ዘይቱንም አስቀይሩ። ስለ ነፍሳችሁ።

ዘይቱን አስቀይሬ፣ ሸራውን አስለውጬ፣ በማግስቱ በሁለተኛ ማርሽ ያንኑ ዳገት ተመልሼ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ጃንጥላ ገዛሁ። በዚያ ችላ ብዬው ባለፍኩት መታጠፊያ ገባሁ። ጻድቃኔ ሦስት ቀን ሰነበትኩ፤ ጸበሉን ተጠመቅኩ፤ ቀን ቀን ሰዉ ሲመሰክር እሰማ ነበር። ስንት ዓመት የታመመ፣ ተሸክመው ያመጡት፣ ልጅ ያጣ። "አንቺስ እህቴ?" ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ለመናገር ብነሳ በእግዚአብሔር ላይ መቆጣቴን መናገር ነበረብኝ። እዚያ፣ ከዚያ ሁሉ ስቃይ ጋር ሳይቆጡ ከቆሙት ሰዎች ፊት። አቃተኝ። ይኸው፣ የቆየው በዚህ ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድሮ "ያፈርሽበትን ካስቀረሽው ምኑን መሰከርሽው?" ባይሉኝ ዛሬም አልጽፈውም ነበር።

ጉዞው አልተቋረጠም። ደሴ፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር። ማደያ ግቢ አደርኩ፣ ሆቴል ግቢ አደርኩ፣ ደጀ ሰላም አጠገብ አደርኩ። ከ11 ሰዓት በኋላ አንድም ቀን አልነዳሁም። ሰው ሲያናግረኝ አወራለሁ፤ ቡና ሲጠሩኝ እገባለሁ። ከደጀን ዓባይን ስወርድ በሁለተኛ ማርሽ ነበር፤ ከኋላዬ መኪና ተሰልፎ ጡሩንባ ሲነፋ ዳር ይዤ አሳለፍኩ። ተሻግሬ ጎሐ ጽዮን ወጣሁ። ሰሜን ሸዋ ነው፤ በወጣሁበት አገር በሌላው በሩ ገባሁ ማለት ነው። ፍቼን አልፌ ደብረ ሊባኖስ ተሳልሜ ማታ ቤቴ ደረስኩ።

እማዬ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ቡና ተፈልቶ ሁሉንም ነገርኳት፤ መታጠፊያውን ማለፌንም፣ ዓመት ከመንፈቅ አለመጸለዬንም። አላቋረጠችኝም። ድምፁ ላይ ስደርስ ስኒውን አስቀመጠች።

"መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማዬ። ጠረገ።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።