ካንዴላው አልነበረም፦ ከጓሮ ማረሻዬ ጋር ያሳለፍኩት አንድ ወቅት

እዚህ ሜሪላንድ የገዛነው ቤት ትንሽ ጓሮ አለው። ጎመንና ቃሪያ ልትከል ብዬ ያገለገለ ቲለር ገዛሁ። በቤንዚን የሚሠራ፣ ፊቱ ላይ ያሉት ጥርሶች እየተሽከረከሩ አፈሩን የሚገለብጡ የእጅ ማረሻ ነው። ሻጩ “ብርዱን ሙሉ ቆሞ ነው የከረመው፣ ብዙም አልተሠራበትም” ሲለኝ ደስ አለኝ። የሚያስደስት ነገር እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ሳብኩ። ምንም። ሃያ ጊዜ ያህል ሳብኩ። ትከሻዬ ሊወልቅ ደረሰ እንጂ ሞተሩ አላስነጠሰም። ካንዴላው፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ። ምንም። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። ያው ነው። ኪሴ ሲሳሳ ጎረቤታችን ጋሼ ጋ ደወልኩ። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው።

መጡና ሞተሩን አልነኩም። የሰርባቶዮውን፣ ማለትም የቤንዚን ታንኩን፣ ክዳን ከፍተው አሸተቱ።

“ይሄን ነው ቤንዚን የምትለው? ቀለም ቀለም ይሸታል እኮ!”

“ሻጩ ሙሉ ነው ብሎኝ ነበር ጋሼ።”

“ሙሉማ ሙሉ ነው።”

እዚህ አገር ማደያ የሚቀዳው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል። ቤንዚኑም ለወራት ሲቀመጥ ቀላል ቀላሉ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ሙጫው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ገብቶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

አሮጌውን ቤንዚን ቀዳን። የካንዴላውን ኮፍያ ነቀልን፤ እጅህ ማሽኑ ውስጥ እያለ ሞተሩ እንዳይነሳብህ። ከካርቡሬተሩ ሥር ኩባያ የመሰለ ነገር በአንድ ቡሎን ታስሯል። ቡሎኑን ስፈታ ኩባያው ውስጥ የቀረው ቡናማ ሆኖ ማር ይመስላል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። የገረመኝ ግን ቡሎኑ ራሱ ነው። ጎኑና አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ለካ በእኔ ማሽን ቤንዚኑ የሚያልፈው በዚያ ነው። ብርሃን ላይ አንስቼ አየሁት፤ ድፍን ብሏል። መርፌ ላመጣ ስል ጋሼ ተቆጡ። ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከሰፋ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል አሉኝ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘው ሰጡኝ። በእሷ ጎርጉሬ፣ የካርቡሬተር ማጽጃ ነፋሁበት። ከዚያ ትኩስ ቤንዚን ሞላን፣ ቾኩን፣ ማለትም የካርቡሬተሩን አየር መግቢያ የሚዘጋውን ክዳን፣ ዘጋን፣ በሦስተኛው ስበት ተነሳ። በደስታ ጮኼ ነበር።

ደስታው አልዘለቀም። ቾኩን ስከፍተው ይጠፋል፣ ስዘጋው ይሠራል። ይሄ ምልክት ጠቃሚ ነው፣ ያዙት፦ ቾክ ሲዘጋ አየር ይቀንሳል። በዚያ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የሚደርሰው ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። አንዷ ትንሽ ቀዳዳ አሁንም እንደተደፈነች ናት። እንደገና ፈታሁት፤ በሁለተኛው ጽዳት ተስተካከለ።

በሳምንቱ ሌላ ጉድ መጣ። ሩብ ሰዓት ያህል እያረሰ ቆይቶ ቀስ እያለ ይሞታል። ትንሽ ሳሳርፈው ይነሳል፣ መልሶ ይሞታል። ሞቆት ነው ብዬ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። በመጨረሻ እንዲሁ የሰርባቶዮውን ክዳን ላላ ሳደርገው ፊስስስ ብሎ አየር ሳበ። ክዳኑ ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ፤ ጭቃ ደፍኖታል። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፣ አለቀ። አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም።

አሁን ወደ መሬቱ። የዚህ አካባቢ አፈር ቀይ ሸክላ ነው። ዝናብ በዘነበ በማግሥቱ ቸኩዬ አረስኩት። ጥርሱ ላይ ጭቃ ተለጠፈ፤ የገለበጥኩት ጓል ደርቆ ጡብ ሆነ፣ በድጅኖ ነው የፈረካከስኩት። አሁን መጀመሪያ አንድ እፍኝ ጨብጬ በአውራ ጣቴ እነካዋለሁ። ከተፈረፈረ አርሳለሁ፣ እንደ ሊጥ ከተጨፈለቀ ቡና እጠጣለሁ።

መዝለሉም ነበር። ማሽኑ እንደ ደነገጠ በሬ ወደፊት ይጎትተኛል እንጂ አይቆፍርም። ከኋላው ያለው ጥልቀት መወሰኛ ብረት ከፍ ብሎ መታሰሩ ነው አንዱ ምክንያት። ዝቅ ሲል መሬቱን ይነክስና ማሽኑን ይይዘዋል፤ እጀታውን ጫን ስል ጥርሶቹ ይገባሉ። ሁለተኛው ምክንያት አሳፋሪ ነው። ሳጸዳ ጥርሶቹን አውልቄ የግራውን ቀኝ አድርጌ ገጥሜያቸዋለሁ። ስለቱ ወደ ኋላ ዞሮ መሬቱን ይደበድብ ነበር። ሳታወልቁ ፎቶ አንሱ።

ሞተሩ እያገሳ ጥርሱ ከቆመ ደግሞ ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጥርሶቹ የሚያሻግረውን ቀበቶ፣ እዩ። የእኔ ላልቶ ነበር፤ የሚወጥረውን ኬብል ሳጠብቀው ያዘ።

አሁን ከሁለት ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ይሠራል። ሥራ ሲያበቃ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቼ እስኪጠፋ እተወዋለሁ፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ብዙም አይቀርም። ያልተፈታችው አንዲት ነገር ዘይት ነች። አጥሩ ሥር የተረሳ ሲባጎ በጥርሶቹ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ኦይል ሲሉን፣ ማለትም ዘይቱን አግቶ የሚይዘውን ጎማ፣ በልቶታል። አዲሱን አዝዣለሁ። እስኪመጣ ሥሩ ካርቶን አንጥፌ ጠዋት ጠዋት አያለሁ። ዛሬ ነጠብጣቧ የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ነበረች።